ከመሬት ሥር የወጣ ዜማ

«ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» የተሰኘው የሶማሌ ዘፈኖች አልበም እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ፣ የውጭው አድማጭ ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብሎ መደነቁ አልቀረም። ዑድ ከኤሌክትሪክ ጊታር፣ የህንድ ፊልም ዜማ ከአሜሪካ ፈንክ፣ ሬጌ የሚመስል ምት ከሲንተሳይዘር ጋር ተጋብቶ ይሰማልና። ሶማሌዎች ግን ያ «ሬጌ» የተባለው ምት ከራሳቸው ከዳንቶ ጭፈራ የተወረሰ ነው ባዮች ናቸው። የአማርኛ ዘፈን የለመደ ጆሮም ብዙ አይደናገርም፤ የሶማሌም ዜማ እንደ ትዝታና እንደ አምባሰል በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው። ብሉዝም ቢሆን ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

አልበሙን ያሳተመው ኦስቲናቶ ሪከርድስ አነስተኛ የግል ድርጅት ነው። 15ቱ ዘፈኖች የተመረጡት በሐርጌሳ የቀይ ባሕር የባህል ፋውንዴሽን ካከማቻቸው ከ10,000 በላይ ካሴቶች መካከል ነው። የሸክላ ሳይሆን የካሴት ክምችት መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በአዲስ አበባ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ኅትመት ብቸኛ መብት ደፍሮ በመጣሱ የዓለማየሁ እሸቴና የማህሙድ አህመድ ድምፅ በሸክላ ተቀርጾ ቀረ። በዚያድ ባሬ ዘመን ግን ሙዚቃው በመንግሥት እጅ ነበርና ዘፈን በቴያትር ቤትና በሬዲዮ ይሰማል፤ የወደደው ሰው በካሴት ይቀዳል። ያ ተራ የቤት ቅጂ ነው ኋላ ቅርስ የሆነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የመንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ከከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ከተማ ደበደቡ። የሬዲዮ ሐርጌሳ ሠራተኞችና ሌሎች ለሙዚቃው የተቆረቆሩ ሰዎች ከፊሉን ካሴት መሬት ቆፍረው ቀበሩት፤ ከፊሉም ወደ ጂቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። አልበሙ በታሪካዊ ቅጂዎች ዘርፍ ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ርዕሱ በአማርኛ «እንደ ተሰበረ ተምር የጣፈጠ» ሊባል ይችላል። በእርግጥ ለተምር «የተፈረከሰ» ማለቱ ለአፍ ይቀናል፤ ሆኖም ሐርጌሳ ለደረሰባት ነገር ስብራቱ ባይቀር ይሻላል።

ክሩ ግን ከቦምብ ቢተርፍም ከዕድሜ አያመልጥም። ሙቀትና እርጥበት ይጎዱታል፣ ድምፁን የያዘው ሽፋንም ይረግፋል። ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ ደግሞ አቋራጭ የለም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት መጫወት አለበት። 10,000 ካሴት በአንድ ማጫወቻ፣ ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ቢሠራ፣ ከ400 ቀናት በላይ ይፈጃል።