ለሰርግ ተጫዋች ማስተርስ ማን ይሰጣል?

በእስራኤል፣ በኪርያት መላኪ፣ በገደራም ሆነ በያቭኔ፣ በሐበሻ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹን ልብ ብሎ ያየ ስንቱ ነው? ግራ እጁ ምቱን ይይዛል፣ ቀኝ እጁ ዜማውን ይከተላል፣ ዐይኑ ግን ከሙሽራው አጎት ትከሻ አይነቀልም። እስክስታው ሲግል ያፈጥናል። አጎትየው ላብ በላብ ሲሆኑ ቀስ አድርጎ ወደ ትዝታ ይመልሳቸዋል።

ይህም ትምህርት ነው፤ የጎደለው ወረቀቱ ነው።

በውጭ አገር በዘመናዊ ሙዚቃ አጨዋወት ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ተማሪው መድረክ ላይ ተጫውቶ ይፈተናል፣ ስለ አጨዋወቱም ይጽፋል። ለእኛ ሙዚቀኞችም ትምህርት ቤት አዲስ አይደለም፤ ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ያበጀው ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅና ቦስተን በርክሊ ተምሮ ነው፤ በርክሊም እ.ኤ.አ. በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1999 እስራኤል የገባው ሳክስፎኒስት አባተ በሪሁን ደግሞ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ከፒያኒስቱ ይጽሓቅ ይዲድ ጋር የመሠረቱትን ጥምረት «ራስ ደጀን» ብለውታል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የአንቺሆዬ ቅኝት ከማሲንቆ ወደ ኪቦርድ ሲሻገር ምን ይጎድልበታል? ይህ ብቻ ሁለት ዓመት ያስጠናል። ማስረጃው ደግሞ በየሳሎኑ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ለብሷል፤ የድሮ የሰርግ ቪዲዮ ካሴት ያላችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት ሙዚቃ ለሚማር ልጅ ደውሉ።