ስለ ቶረንትና ስለ ጠባቡ የመላኪያ መስመር

አንድ የኢንተርኔት መስመር ለብዙ ሰው በሚያገለግልበት ቤት ውስጥ ቶረንት በተከፈተ ጊዜ፣ ድረ ገጽ ሁሉ አልከፈት እያለ፣ ብራውዘሩም በነጭ ገጽ ላይ ያችን ትንሽ ክብ እያዞረ ሰውን ሲያስጠብቅ ያላየ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ዳሩ ግን አብዛኛው ሰው የነገሩን ምክንያት የሚፈልገው በሌለበት ስፍራ ስለሆነ፣ አንዱ መስመሩን ይረግማል፣ አንዱ ከፍ ያለ ፓኬጅ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ሌላውም ፋይል የሚያወርደውን ልጅ ተቆጥቶ ኮምፒዩተሩን ያስዘጋዋል። ችግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከምናወርደው ሳይሆን ሳናስተውለው ከምንልከው ነገር እንደሆነ፣ መድኀኒቱም ያለ ምንም ወጪ በጥቂት ተዐቅቦ የሚገኝ መሆኑን፣ ከሥሩ ጀምሬ ለማስረዳት እወዳለሁ፤ ጽሑፉ ስለሚረዝም አንባቢ በትዕግሥት ይከተለኝ።

አስቀድሞ የቶረንትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ብራም ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2001 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ቢትቶረንትን ለሕዝብ ባወጣ ጊዜ የመሠረተው ሥርዓት፣ አንድ ትልቅ ፋይል በብዙ ቁራጮች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ተቀባይ የደረሰውን ቁራጭ ለሌላው እያካፈለ፣ የጎደለውንም ከሌላው እየተቀበለ፣ ሁሉም በሱታፌ ፋይሉን የሚያሟሉበት ሥርዓት ነው፤ በዚህም ሥርዓት ለሚሰጥ ይሰጠዋል፣ የማይሰጥ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ቶረንት የከፈተ ሰው፣ ምንም እንኳ በልቡ «እኔ የማወርድ ብቻ ነኝ» ቢል፣ ኮምፒዩተሩ በዚያው ቅጽበት በሩቅ አገር ላሉ በርካታ የማይተዋወቁ ሰዎች ቁራጮችን በመላክ ላይ ነው፤ ገደብ ካልተደረገለትም መስመሩ የሚችለውን ያህል ሁሉ ይልካል።

እንግዲህ ነገሩ የሚጠበው እዚህ ላይ ነው። የቤት መስመር፣ በተለይም በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል፣ ሰው ከሚልከው ይልቅ የሚቀበለው ይበዛል በሚል አሳብ የተሠራ ስለሆነ፣ የማውረጃው ወገን ሰፊ፣ የመላኪያው ወገን ግን ጠባብ ነው። ለምሳሌ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚያወርድና 512 ኪሎቢት ብቻ የሚልክ መስመር እንውሰድ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 512 ኪሎቢት ማለት 64 ኪሎባይት ነው። ሞደሙ ደግሞ ወዲያው ሊወጡ ያልቻሉ፣ ፓኬት የሚባሉ የመረጃ ጥቅሎች ተራቸውን የሚጠብቁበት ማቆያ አለው፤ ይህ ማቆያ 128 ኪሎባይት የሚይዝ ቢሆን፣ ቶረንቱም እስከ አፉ ቢሞላው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ፓኬት፣ እጅግ ትንሽ እንኳ ቢሆን፣ 2 ሰከንድ ሳይጠብቅ ከቤት አይወጣም። ወፍጮ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አንድ ነጋዴ ሃያ ጆንያ እህል አሰልፎ ሳለ፣ ለእራት የምትሆን አንድ ቁና ይዛ የመጣች ሴት ከኋላው ብትቆም፣ ወፍጮው ሳይበላሽ፣ የእሷም ሥራ የጥቂት ደቂቃ ሆኖ ሳለ፣ ቀኑ ይመሽባታል።

2 ሰከንድ ብዙ አይደለም የሚል ሰው ካለ፣ አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት የሚሆነውን በቅርብ ይመልከት። ብራውዘሩ በመጀመሪያ የገጹን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚለውጥለትን ዲኤንኤስ ይጠይቃል፤ አድራሻውን ካገኘ በኋላ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት ይከፍታል፤ ግንኙነቱን በምሥጢር ለመቈለፍ እንደገና ይመላለሳል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «ገጹን ላክልኝ» የሚለው ጥያቄ የሚሄደው። እንግዲህ ከአራት ያላነሰ ምልልስ አለ፤ እያንዳንዱም ምልልስ በዚያ ማቆያ ውስጥ 2 ሰከንድ ከጠበቀ፣ የመጀመሪያው ፊደል ሳይታይ 8 ሰከንድ አለፈ ማለት ነው። አንድ ገጽ ደግሞ ሥዕሉን ከአንዱ፣ ማስታወቂያውን ከሌላው ሰርቨር የሚያመጣ ስለሆነ፣ ይህ ምልልስ ለአንድ ገጽ ብዙ ጊዜ ይደገማል።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። ድረ ገጾች በአብዛኛው የሚጓዙበት ቲሲፒ የተባለው ሥርዓት፣ ላኪው የላከው መድረሱን ሳያረጋግጥ ብዙ እንዲልክ ስለማይፈቅድ፣ ተቀባዩ በተለመደው አሠራር ለየሁለት ትልልቅ ፓኬት 40 ባይት ያህል የምትሆን አንዲት የ«ደርሶኛል» መልእክት መመለስ አለበት። በምሳሌያችን መስመር፣ ማውረጃው በሙሉ ፍጥነቱ እንዲሠራ እነዚህ መልእክቶች ከመላኪያው 64 ኪሎባይት ውስጥ 7 ኪሎባይት ያህል ያስፈልጓቸዋል፤ ያን ያህል ስፍራ ካጡ ግን፣ ማውረጃው ባዶ ሆኖ ሳለ እንኳ ሩቅ ያለው ላኪ መልስ እየጠበቀ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ብዙ ሰው «ፍጥነቱን ለካሁት፣ መስመሩ ሰፊ ነው፣ ታዲያ ለምን ይዘገያል?» እያለ የሚጨነቅበት ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህ ችግር በእኛ ቤት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ፣ ከሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ እስከ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ባለው 400 ያርድ ርቀት ላይ፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ያደርስ የነበረው መስመር በመጨናነቁ ብቻ ወደ 40 ቢት ወርዶ ነበር፤ ቫን ጃኮብሰን የተባለው ሊቅ ይህን መርምሮ፣ ኮምፒዩተሮች መጨናነቅ ባወቁ ጊዜ ራሳቸው ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ የሚያደርገውን ዘዴ በ1988 አሳተመ፤ ኢንተርኔት እስከ ዛሬ ሳይወድቅ የቆመው በዚህ ዘዴ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ነገር ግን ያ ዘዴ መጨናነቅን የሚያውቀው ፓኬት በመጥፋቱ ነበር፤ በኋላ የማስታወሻ ቺፕ ዋጋ እየረከሰ ሲሄድ ሞደምና ራውተር ሠሪዎች ፓኬት እንዳይጠፋ ብለው ማቆያውን እያሰፉት ስለ ሄዱ፣ የመጨናነቁ ምልክት ተሸሸገ፤ ላኪዎችም ማቆያው እስኪሞላ ድረስ ያለ ሥጋት መላካቸውን ቀጠሉ። ጂም ጌቲስ የተባለው መሐንዲስ በ2010 ከቤቱ ሆኖ ብዙ ፋይል ወደ ውጭ ሲገለብጥ መዘግየቱ ከ1 ሰከንድ በላይ መድረሱን አይቶ፣ ነገሩን ተከታትሎ የደረሰበት ይህንኑ የማቆያ መስፋት ነበር። ለበጎ ታስቦ የተሠራ ነገር፣ ልኩ በመታለፉ ብቻ፣ ይህን ያህል ዘመን ብዙ ቤቶችን ማስቸገሩ እኔን ዘወትር ያሳዝነኛል።

ችግሩ በእርግጥ ይህ መሆኑን የሚያረጋግጥ መመርመሪያ በእጃችን አለ። ቶረንቱ ተዘግቶ፣ ሌላውም ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በኮማንድ ፕሮምፕት ላይ 8.8.8.8 ወደተባለው አድራሻ ፒንግ የሚባለውን የመፈተኛ መልእክት እየላኩ መልሱ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅ ማየት፤ ቀጥሎ ቶረንቱን ከፍቶ ያንኑ መመልከት፤ ከዚያ ማውረዱን እንዳለ ትቶ መላኩን ብቻ ወደ ትንሽ ቁጥር ማውረድ ነው። ቶረንቱ ሲከፈት ከ100 ወይም ከ200 ሚሊሰከንድ ተነሥቶ 1500 ወይም 2000 የደረሰ ቁጥር፣ መላኩ በተገደበ ጊዜ ወዲያው ወደ ቀድሞው ከተመለሰ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ያለ ፒንግም ምልክት አለው፤ በአንድ ዘመዴ ቤት፣ እናት ዋሽንግተን ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ሲነጋገሩ፣ ልጅቱ «እማዬ፣ ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው» እያለች ደጋግማ ስትናገር፣ እናት ደግሞ «እኔ ግን ደኅና አድርጌ እሰማሻለሁ፣ ልጄ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የሚመጣው ጥርት ብሎ የሚሄደው ከተቆራረጠ፣ የታመመው መላኪያው ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

መፍትሔው እንግዲህ የቶረንቱን የመላኪያ ፍጥነት ከመስመሩ የመላኪያ አቅም በታች ማድረግ ነው፤ በልምድ የተለመደው ልክ ከመቶ 80 ያህል ሲሆን፣ በምሳሌያችን 50 ኪሎባይት ይሆናል፤ የሚተርፈው 14 ኪሎባይት፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን የ«ደርሶኛል» መልእክት እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ለድረ ገጽ ጥያቄም ለዲኤንኤስም የሚበቃ ስፍራ ይገኛል። ማውረዱንም እንዲሁ ከመቶ 80 ወይም 90 ላይ መገደብ መልካም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው መስመር ሻጮች በኪሎቢትና በሜጋቢት ሲቆጥሩ የቶረንት ፕሮግራሞች የሚቆጥሩት በኪሎባይት መሆኑ ነው፤ 512 ያለው መስመር ላይ 400 ብሎ የጻፈ ሰው ገደብ ያደረገ ይመስለዋል እንጂ ምንም አላደረገም። ሁለተኛው ደግሞ ከእነዚህ ፕሮግራሞች በብዙዎቹ ዘንድ 0 ማለት «ገደብ የለም» ማለት መሆኑ ነው፤ ከቶ እንዳይልክ ብሎ 0 የጻፈ ሰው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶታል። መላኩን ወደ 2 ወይም 3 ኪሎባይት ማውረድም አይበጅም፤ ለማይሰጥ የሚሰጠው ትንሽ ነውና፣ የራስን ማውረድ መልሶ ያዘገያል።

ገደቡ ተደርጎ፣ ፒንጉም ተስተካክሎ፣ ድረ ገጽ አሁንም አልከፈት ካለ፣ ምክንያቱ የግንኙነቱ ብዛት ሊሆን ይችላል። ቶረንት በአንድ ጊዜ ከብዙ መቶ ሰዎች ጋር ስለሚገናኝ፣ ርካሽ የሆነው ራውተር የእያንዳንዱን ግንኙነት መዝገብ ሲይዝ ሰንጠረዡ ይሞላበትና አዲስ ግንኙነት መቀበል ይሳነዋል፤ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ለጥቂት ጊዜ ደኅና ሆኖ እንደገና የሚብስ ከሆነ ነገሩ ይህ ነው። ጠቅላላ የግንኙነቱን ቁጥር ወደ 100 ወይም 150 ማውረድ ይበቃል። በ2004 ከወጣው ከዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ ሰርቪስ ፓክ ጋር የመጣውን፣ ገና ያልተሟሉ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ከ10 የማያሳልፈውን ገደብ ለመስበር የሲስተም ፋይል መለወጥን የሚያስተምረው ምክር ግን ዘመኑ ያለፈበት ነውና ማንም አይከተለው።

ቶረንት ሠሪዎችም ዝም አላሉም። ማይክሮ ቲፒ በተባለው ዘዴያቸው፣ ፕሮግራሙ የመዘግየቱን መጠን ራሱ እየለካ፣ በማቆያው ውስጥ ያለው ጥበቃ ወደ 100 ሚሊሰከንድ ሲጠጋ ከመላክ ይታቀባል፤ የዘዴው መሠረት የሆነው ሌድባት በ2012 አር ኤፍ ሲ 6817 በተባለ የኢንተርኔት ሥርዓት ሰነድ ወጥቷል። ነገር ግን ከሚገናኙት መካከል በተለመደው ቲሲፒ የሚላላኩ ስለማይጠፉ፣ ይህ መኖሩ ገደቡን አያስቀርም። ከሁሉ የሚሻለው መድኀኒት በራውተሩ ውስጥ ያለው ነው፤ ያው ቫን ጃኮብሰን ከካትሊን ኒኮልስ ጋር በ2012 ኮዴል የተባለውን ዘዴ አወጣ፤ ይህም የሰልፉን ርዝመት ሳይሆን ፓኬቱ በሰልፉ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ የሚለካ ነው፤ ከእርሱም የተወለደው ኤፍኪው ኮዴል በ2018 በአር ኤፍ ሲ 8290 ታትሞ፣ ባለ ሃያ ጆንያው ወፍጮውን ብቻውን እንዳይዝ፣ ባለ አንድ ቁናዋም በተራ መካከል ገብታ እንድትሄድ በርትዕ ያከፋፍላል። ራውተሩ ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለውን የራውተር ሶፍትዌር የሚቀበል ከሆነ፣ ኤስኪውኤም የሚባለውን የሰልፍ ማስተካከያ ጨምሮ የመስመሩን ልክ መጻፍ ለቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበጃል።

ቶረንትን እንደ ኃጢአት ቆጥሮ ከናካቴው መከልከል ግን የሚገባ አይመስለኝም። በ2007 በአሜሪካ ኮምካስት የተባለው ኩባንያ የደንበኞቹን የቶረንት ግንኙነት ሐሰተኛ የመቁረጫ ፓኬት እየላከ ማቋረጡ በታወቀ ጊዜ፣ አሶሺየትድ ፕረስ ነገሩን ለመፈተን የመረጠው ፋይል የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ ያም ንጹሕ ፋይል ከመቋረጥ አልዳነም። የመንግሥቱ የመገናኛ ኮሚሽን በ2008 ድርጊቱን አወገዘ፤ ፍርድ ቤት ግን በ2010 የኮሚሽኑን ውሳኔ ሻረው። እኔ ከዚያ ነገር የያዝኩት፣ መጨናነቅ የሚድነው ሰልፉን በማስተካከል እንጂ ከተሰለፉት አንዱን በማባረር እንዳልሆነ ነው።

በአገራችን ደግሞ መብራት በሚጠፋበት፣ መስመርም በሚቋረጥበት ቤት፣ ኡቡንቱን ወይም ዴቢያንን፣ ወይም ኢንተርኔት አርካይቭ ከ2012 ጀምሮ በቶረንት ከሚያቀርባቸው መጻሕፍት አንዱን ለማውረድ ለሚፈልግ ተማሪ፣ ከዚህ የሚሻል መንገድ አላውቅም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲደርስ ትክክለኛነቱ ስለሚመረመር፣ ከተቋረጠበት ስፍራ ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ይህን ጸጋ የተቀበለ ሰው መልሶ እንዳይሰጥ የሚያደርገው፣ ብዙ ጊዜ፣ ቤተሰቡን ያስቸግር ይሆን ብሎ መፍራቱ ነው። ነገር ግን በ50 ኪሎባይት የተገደበ መላኪያ ቀንና ሌሊት ቢሠራ በ24 ሰዓት 4.3 ጊጋባይት ያህል ያካፍላል፤ ከ1 ጊጋባይት የሚያንሰውን ትንሹን የዴቢያን መጫኛ ከአራት ጊዜ በላይ ሙሉ በሙሉ ሰጠ ማለት ነው፤ እናትም በዚያው መስመር፣ በዚያው ሰዓት፣ ከልጃቸው ጋር ይነጋገራሉ።