አሮጌ ብር ስገዛ ስሸጥ

አንባቢ ሆይ፤ በእናትህ ሣጥን ውስጥ ወይም በአያትህ አንገት ላይ አንድ አሮጌ የብር ገንዘብ አይተህ ታውቅ ይሆናል። ምናልባትም የወሩ መጨረሻ ደርሶ ኪስህን ስትዳብስ፤ «ይህን የሚገዛ ሰው ቢገኝ ምን ያህል ያወጣ ይሆን?» ብለህ አስበህ ይሆናል። እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር፤ ማሰብ ብቻም አይደለም፤ ሁለት ዓመት ያህል እየገዛሁ ሸጬአለሁ። ያተረፍሁትንም ያጠፋሁትንም ሳልደብቅ ልንገርህ፤ በዚህ ንግድ ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለምና።

ነገሩ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ሆሳዕና ከተማ በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ደመወዜ ሁለት ሺሕ ብር አይሞላም ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከአያቱ የወረሰውን ጠገራ ብር አዲስ አበባ ወስጄ እንድሸጥለት ለመነኝ። በቸርችል ጎዳና ካሉት የአሮጌ ዕቃ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቼ ባሳየው፤ ባለ ሱቁ ያለ ብዙ ክርክር ገዛኝ፤ «ሌላም ካገኘህ አምጣ» አለኝ። ይህች «አምጣ» የምትባል ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር አንድ ጊዜ ወደ ዱራሜ፤ አንድ ጊዜ ወደ ሀደሮ እየወረድሁ አሮጌ ብር ያለው ሰው እጠይቅ ጀመር። በመቶ ኀምሳ የገዛሁትን በሦስት መቶ ስሸጥ ራሴን እንደ ታላቅ ነጋዴ እቈጥር ነበር።

በመጀመሪያ የተማርሁት፤ አሮጌ መሆን ብቻውን ዋጋ እንደማያወጣ ነው። የኦስትሪያዋን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን መልክ የያዘውን ጠገራ ብትመለከት 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት ተጽፎበት ታገኛለህ። እኔ ይህን ቍጥር ባየሁ ጊዜ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ሀብት በእጄ የገባ መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ሲሆን፤ ከሞተችም በኋላ ያው መልክና ያው ዓመት ሳይለወጥ ብሩ መመታቱ አልቀረም። የአገራችንና የዐረብ አገር ነጋዴዎች ይህን መልክ ለምደው ሌላውን ስለሚጠራጠሩ፤ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮማ፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ተመትቷል። ኢጣሊያ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮማ መምታት የጀመረችው አገራችንን ለመውረር በምትዘጋጅበት በ1935 እ.ኤ.አ. ነበር። እንግዲህ በእጅህ ያለው ጠገራ በአያትህ አያት ዘመን የተመታ ሊሆን ይችላል፤ ለወረራው የተመታም ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከሺሕ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ሰብሳቢዎች ግን ከሚዛኑ ይልቅ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቍና የንስሩን የጅራት ላባ በአጕሊ መነጽር እያዩ የት እንደ ተመታ ይለያሉ።

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት፤ 1887 የሚለውን ዓመት የያዘው ብር ደግሞ ሌላ ነው። ሕዝቡ በጠገራው ስለ ለመደ አዲሱን ቶሎ አልተቀበለውም፤ ስለዚህ በገጠር ጠገራውን ያህል አይገኝም። በምኒልክ ብሮች ላይ ደግሞ ሰብሳቢው አንበሳው ያነሣው የፊት እግር ግራው ነው ወይስ ቀኙ እያለ ይመረምራል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ አሮጌው ብር ከገበያ ወጣ፤ አያሌው በአንጥረኛ እሳት ገብቶ መስቀልና አምባር ሆነ፤ የቀረውም በእናቶች አንገትና በሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ሀደሮ ገበያ ወረድሁ። የሀደሮ አካባቢ በዝንጅብሉ የታወቀ መሆኑን ታውቅ ይሆናል። በ2004 ዓ.ም. የገባው የሚያጠወልግ በሽታ ማሳውን ስላጠፋው በዚያ ዓመት ብዙ ቤት ተቸግሮ ነበር። አንዲት አሮጊት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋራ ወደ እኔ መጡና ከአንገታቸው አንድ ጥቍር ክር አወጡ። በክሩ ላይ የምኒልክ ብር ተንጠልጥሏል፤ በጠርዙም ላይ ትንሽ ቀለበት ተበይዶበታል። ሰባተኛ ክፍል የሚማረው ልጅ በከምባትኛ የሚሉትን ሲያስተረጕምልኝ፤ «ስንት ትሰጠኛለህ ይላሉ፤ ለእኔ ደብተርና ጫማ ሊገዙልኝ ነው» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። ይህ ብር ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን አያውቁም። ፊቴን አጨፍግጌ፤ «አሮጌ ነው፤ ጠቍሯል፤ ሁለት መቶ ብር እሰጣለሁ» አልሁ። ያለ ክርክር ተቀበሉ። ክሩን አውልቀው ለልጁ ሰጡት፤ ብሩን ለእኔ።

ሆሳዕና እንደ ተመለስሁ ያደረግሁትን ስማ። ቀለበቱን በጕጠት ነቅዬ ጣልሁት፤ የብየዳውን ርዝራዥ በሞረድ አስተካከልሁ፤ ከዚያም ብሩን በሎሚና በአመድ እስኪያብለጨልጭ ድረስ አሸሁት። የንጉሠ ነገሥቱ መልክ እንደ ፀሐይ ሲያበራ ባየሁ ጊዜ በራሴ ብልሃት ተደነቅሁ።

በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ሄጄ ለዚያው ባለ ሱቅ አቀረብሁለት። ብሩን አንድ ጊዜ አገላብጦ አየና በሐዘን ተመለከተኝ።

«ማን ነው ያጠበው?» አለኝ።

«እኔ።»

«ቀለበት ነበረው?»

«ነበረው፤ ነቀልሁት።»

«ወንድሜ፤ ከነጥቍረቱ ሳይነካ ቢመጣ፤ ቀለበትም ባይኖረው፤ ሁለት ሺሕ ብር የሚሰጥ ሰው ነበረኝ። ከነቀለበቱና ከነክሩ ቢመጣም የእናቶችን ጌጥ የሚሰበስብ ሌላ ሰው አለ። አሁን ግን ገንዘብም አይደለም፤ ጌጥም አይደለም። በሚዛኑ ሦስት መቶ ኀምሳ እሰጥሃለሁ።»

በፈረንጅ አገር የልጆች መጫወቻ የሚሰበስቡ ሰዎች እንዳሉ ከዚህ በኋላ አነበብሁ። አንዲት ትንሽ የብረት መኪና ከተሸጠችበት የካርቶን ሣጥን ጋራ ከተገኘች፤ ልጅ ከተጫወተባት እኅቷ ይልቅ እጅግ የበለጠ ታወጣለች። አዲስ ቀለም የቀባት ሰው ግን ያሳመራት እየመሰለው ዋጋዋን ያጠፋል። ሰብሳቢ የሚገዛው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን በዕቃው ላይ ያለፈውን ዘመን ነው፤ እኔም ያንን ዘመን በአመድ አጥቤ ጣልሁት።

ሦስት መቶ ኀምሳውን አልተቀበልሁም። ትርፉ ስላነሰ እንዳይመስልህ፤ መቶ ኀምሳ ብር ያን ጊዜ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ግን «ከነክሩ» ሲል የልጁ እጅ ባዶውን ክር ይዞ ታየኝ። በማግሥቱ ተሳፍሬ ሀደሮ ወረድሁና ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁ።

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ዋጋውን አውቄ እንደ ደበቅሁ ጭምር። ልጁ ሲያስተረጕም ድምፁ ዝቅ እያለ ሄደ። ብሩን አስረከብኋቸው፤ የሰጠሁት ሁለት መቶ ብርም ለደብተሩና ለጫማው ይሁን አልሁ። እማማ ብሩን በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ቀለበቱስ?»

የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደ ዕለት ባለቤታቸው አንጥረኛ ዘንድ ወስደው ያስበየዱት ኑሯል። አዲስ ላሠራልዎት ብል፤ «አንተ የምታሠራው ያንተ ይሆናል፤ የእሱ አይሆንም» አሉኝ። አልተቈጡም፤ ቡና አፍልተው አጠጡኝ። ቢቈጡኝ ግን ይሻለኝ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ አሮጌ ነገር መሰብሰብ ክፉ ነው አልልህም። ሰብሳቢ ባይኖር ኖሮ ስንቱ በእሳት ቀልጦ በቀረ! ነገር ግን ይህን ሥራ ከወደድኸው ከእኔ ስሕተት ተማር። የገዛኸውን አትጠብ፤ አትሞርድ። ከማን፣ ከየት እና መቼ እንዳገኘኸው በደብተር ጻፍ፤ ታሪኩ የጠፋ ዕቃ ግማሹ ጠፍቷል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቍጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑንም አትርሳ። ከሁሉ በላይ ግን የምታውቀውን ዋጋ ለሻጩ ከመክፈልህ በፊት ንገረው። ትርፍህ ይቀንስ ይሆናል፤ ግን በሠራኸው ሳታፍር ወደዚያው ገበያ ትመለሳለህ።

እኔ ዛሬም አሮጌ ብር ሳይ እጄን ይበላኛል። አንሥቼ አያለሁ፤ የአንበሳውን እግር እመለከታለሁ። ከዚያም ባለቤቱን አስቀድሜ፤ «ይህ ከማን መጣልዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ታሪኩን ሲነግረኝ ራሱ መሸጡን ይተወዋል። እኔም ባዶ እጄን እመለሳለሁ።