አሶሳ በሦስት ቀን

የመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ሲደርስ፣ ረመዷን ሳይገባ፣ እናቴንና ትልቁን ልጄን ይዤ አሶሳ ልሄድ አስቤአለሁ፤ ኢንሻአላህ። ያለን ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነው። አስተማሪ ሰው ከዚህ የበለጠ ከየት ያመጣል?

እናቴ የምትሄደው እህቷን ልታይ ነው። አክስቴ በ1977ቱ ረኃብ ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ ወደ አሶሳ ከተወሰዱት ብዙ ቤተሰቦች አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ለለቅሶ ነው። ልጄ ደግሞ ወሬውን የሰማ ዕለት «ዓባይን አያለሁ!» ብሎ ዘለለ። የቤታችን ክርክር የተጀመረው ያኔ ነው።

ብዙ ሰው አሶሳ ዓባይ ዳር ያለች ይመስለዋል። እኔም ካርታ ዘርግቼ እስካይ ድረስ እንዲያው አስብ ነበር። ከተማዋ ግን ከወንዙ ርቃ በስተደቡብ በኩል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በመተከል ዞን፣ በጉባ ነው። በአየር ቢለካ እንኳ ከአሶሳ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በመኪና ደግሞ እጅግ ይረዝማል። ለጉብኝቱም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ከሦስቱ ቀን አንዱን፣ ምናልባትም ሁለቱን፣ መንገድ ሊበላብን ነው።

ልጄ አኮረፈ። እናቴ ግን «ዓባይ ይቆየዋል፤ እህቴ ግን አርጅታለች» አለች። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘውን የንጋት ሐይቅ በሌላ ክረምት አሳይሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ፤ ዕዳ ነው።

የመኪናው መንገድ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በካማሺና በወለጋ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል፤ መንገዱም ለዓመታት ሲዘጋ ሲከፈት ኖሯል። አሮጊት እናት ይዞ «አላህ ያውቃል» ብሎ መግባት ተወኩል አይደለም፤ ግመሉን ሳያስሩ መተኛት ነው። ስለዚህ ዋጋው ቢከብደኝም በአውሮፕላን ልንሄድ ወስነናል። እናንተም ብታስቡ፣ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ።

ወራቱ ደረቅ ነው፤ ዝናቡ የሚበረታው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ፀሐዩ ግን ለደገኛ ይከብዳል። ወባም ስላለ አጎበር ይዘናል። የአሶሳ ማንጎ የሚደርሰው ወደ ሚያዝያና ግንቦት ስለሆነ እሱ አምልጦናል።

ልጄን እንዳይሰለቸው ታሪክ እያስጠናሁት ነው። አገሩ በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን ዘመቻ ወደ ምኒልክ ግዛት ሲገባ በቤኒሻንጉል፣ በአቆልዲና በሆሞሻ ሦስት ሼኾች ይገዙ ነበር፤ አቆልዲ የዛሬዋ የአሶሳ አካባቢ ነው። ግብራቸው ወርቅ ነበር። የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን አዲስ አበባ ውስጥም በስማቸው የሚጠራ ሰፈር አላቸው፤ ልጄ በየቀኑ በታክሲ ሲያልፍበት የኖረ ስም ነውና ገረመው። የበርታ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ሲሆን ከራሱ ቋንቋ ሌላ ዐረብኛ የሚናገር ብዙ ነው። መድረሳ የተማርኳትን ዐረብኛ ገበያ ላይ እሞክራታለሁ፤ ሳይስቁብኝ አይቀሩም።

ስለ ሶላት ለሚጠይቁ፦ ርቀቱ መንገደኛ ያሰኛል። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያና የመውጫ ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቆየት ያልነየተ፣ በሐነፊይ ደግሞ ዐሥራ አምስት ቀን ያልነየተ ያሳጥራል። የእኛ ሦስት ቀን በሁለቱም ይገባል።

የመጀመሪያውን ቀን ለአክስቴ ቤት፣ ሁለተኛውን ለጁሙዓና ለገበያ መድበናል። ሦስተኛውን ባዶ ተውኩት፤ እህትማማቾቹ ያውቁበታል። እናቴ ሻንጣዋን ከአሁኑ አሥራለች፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ አንድ ነጠላ። ጫማም ልትገዛላት ፈልጋ ነበር፤ ግን የእህቷን የእግር ቁጥር አታውቀውም። ትናንት ማታ ስልክ አስደውላኝ ጠየቀቻት።