በአዴት መንገድ

ከባሕር ዳር ወደ አዴት ሲወርዱ ግራና ቀኙ የይልማና ዴንሳ የጤፍ ማሳ ነው። ሾፌራችን የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» ከፈተልን። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፥ «ልጄ፥ ይህስ አኮርዲዮን ነው፤ ከበሮው ግን የሰው እጅ አይመስለኝም» አሉኝ።

ጆሯቸው አልተሳሳተም። ዋልያስ ባንድ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1981 አሜሪካ ተሻግሮ ከፊሉ ሲመለስ፥ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከበሮ ከሚመታ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋራ አዋሕዶ፥ ብቻውን ባንድ ሆነ! ኋላ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፥ ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው።

እኔ «መኪና ዜማ ይገድላል» ከሚሉት ወገን ነበርሁ።

አዴት ደረስን። ሽማግሌው ግን አልወረዱም፤ «እስኪያልቅ ቈይ» አሉት ሾፌሩን። እርሱም ሞተሩን አጥፍቶ ዘፈኑን ተወልን።