ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማግኘት

በማሻና በመካነ ሰላም ደጋ ያደግን ሰዎች ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ከሽማግሌዎች ስንሰማ ኖረናል። እንግሊዞችም በጋዜጣቸው ላይ ላይኛው ትርጉም ሌላ፥ ውስጡ ሌላ የሆነ የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ ያወጣሉ። መስቀለኛ ቃላት በኒው ዮርክ ጋዜጣ የታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ነው፤ የእኛ ሰምና ወርቅ ግን በቅኔ ቤት ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲዘረፍ ብዙ ዘመን አልፎታል።

ለምሳሌ፥ «እንግዳው ደርሷል ወይ ቢሏቸው፥ ገና ነው አሉ» ብንል፥ ሰሙ «አልደረሰም» ነው፤ ወርቁ ግን ልደት ነው፥ እንግዳውም መጥቷል። አንዱ ቃል ሁለቱን ስለ ያዘ ኅብር ይባላል።

ማታ ማታ እንዲህ ያለውን በቤቴ አቀርባለሁ። ታላቁ ልጄ ቶሎ ፈትቶ ሊናገር ይቸኩላል፤ ታናሺቱ ግን ገና እያሰበች ነው። እርሱን ዝም አሰኘዋለሁ። ሌላ የነገረን ወርቅ የተበደርነው ነውና፤ ራሷ ያገኘችው ግን ዕድሜዋን ሙሉ ገንዘቧ ይሆናል። እርሱም መጠበቅን ይማራል፤ ይህም ከመፍታት የሚያንስ ትምህርት አይደለም።