የአባዬ ማኅደር

አባዬ ሲቆጣ አይጮህም፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ፀሐይ እየሞቀ ሊደግም ዳዊቱን ይዞ ደጅ ወጣ፤ ባዶውን ማኅደር መደቡ ላይ ተወው። ሲመለስ ቡቺ መደቡ ሥር ተጋድሞ፣ ማንገቻውን በፊት እግሮቹ መሀል ይዞ ያኝካል። የክዳኑ አንድ ጥግ የለም። ማኅደሩ የአያቴ ነበር።

«ይኼ ውሻ ከዚህ ቤት ይውጣ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ቡቺን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደባርቅ፣ ወላጆቼ ቤት ተመልሼ ከርቀት መሥራት ስጀምር፣ ዳባት ያለችው አክስቴ ውሻዋ ወልዳ ነበር። የሁለት ወር ቡችላ በካርቶን አድርጌ በሚኒባስ አመጣሁ። እኛ ሰፈር ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ቤት አይገባም። እኔ ግን ብርዱ አሳዘነኝና አስገባሁት። በሁለት ወር ውስጥ የእማዬን ነጠላ ጥለት፣ የመሶቡን እግር፣ አንድ እግር ኮንጎ ጫማና የላፕቶፔን ቻርጀር ጨረሰ። ቻርጀሩን ሲበላ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር። ያተረፈው የዚያን ቀን መብራት መጥፋቱ ነው።

ያልሞከርነው የለም። እማዬ መሶቡ ላይ በርበሬ ቀባች፤ ቡቺ አስነጠሰ፣ ዓይኑን ጠራረገና ቀጠለ። አባዬ የተበላውን ነገር እያሳየ ይቆጣዋል። ቡቺ ጆሮውን ጥሎ መሬት ሲያይ፣ «አየኸው? ጥፋቱን ያውቃል» ይለኛል። እኔም አምን ነበር። በኋላ ግን አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን ጥናት አነበብኩ። ውሾች ያንን «የጥፋተኛ ፊት» የሚያሳዩት ስላጠፉ ሳይሆን ሲቆጧቸው ነው፤ ያላጠፋውም ሲቆጡት ያው ፊት ይታይበታል። ለካ ቡቺ የሚያነበው የአባዬን ፊት እንጂ የራሱን ጥፋት አልነበረም።

የአባዬ ሐሳብ ቡቺን ደጋ ላይ በግ ለሚያረባ ዘመዳችን መስጠት ነበር። ለሌላ ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው። ደባርቅ ያደገ ልጅ ግን ያን ደጋ ያውቀዋል። ከከተማችን በላይ ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር። ቀይ ቀበሮ እዚያ አለ። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ በጠቅላላው የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎችም 500 አይሞሉም። ትልቁ ስጋታቸው ጥይት ሳይሆን ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ደጋግሞ ገብቶ ብዙ ፈጅቷል። ሁሉን ነገር ሳያኝክ የማያልፍ፣ ገና ያልተከተበ ቡችላ ወደዚያ መላክ አልዋጥ አለኝ።

«እስከ ጥምቀት ስጠኝ» አልኩት።

መጀመሪያ አስከተብኩት። ከዚያ ሥራ ላይ ስህተት ሲያስቸግረኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ መዘገብኩ። በስንት ሰዓት፣ የት፣ ምን በላ። በሳምንቱ ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ ጥፋቱ ሁሉ የሚሆነው እኔ ኮምፒውተር ላይ በተቀመጥኩበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ግን አሳፈረኝ። አብዛኛው የተበላው ነገር ቆዳ ነው፦ ጠፍር፣ ቀበቶ፣ የቁርበት ጠርዝ። ቆዳ ማኘክን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ገና እንደመጣ ዝም እንዲልልኝ ብዬ ከአሮጌ ቁርበት ቆርጬ ሰጥቼው ነበር። ቡችላ አሮጌ ቁርበትን ከአያት ማኅደር በምን ይለያል? ሽታው አንድ ነው። ኮምፒውተርም ያሰብከውን ሳይሆን የጻፍክለትን ነው የሚሠራው።

ማኘኩን ማስቆም አይቻልም፤ ድዱ ያሳክከዋል። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። ከሦስትና ከአራት ወሩ ጀምሮ እየወለቁ፣ በስድስትና በሰባት ወሩ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ስለዚህ የሚያኘከውን ቀየርኩለት። ወፍራም ጨርቅ ቋጥሬ፣ አርሼ፣ ሌሊት ውጭ አሳድረዋለሁ። ደባርቅ ያደረ እርጥብ ጨርቅ በረዶ ባይሆን እንኳ እጅ ያደነዝዛል፤ ለሚያሳክክ ድድ ደግሞ መድኃኒት ነው። ቆዳ የተባለ ሁሉ ከመሬት ተነሳ። የማይገባውን ሲይዝ ማባረር ተውን፤ ለእሱ ማባረር ጨዋታ ነው። ጨርቁን ወይም ቁራሽ ዳቦ እናሳየዋለን፣ አፉን ይከፍታል፣ ዕቃውን እንወስዳለን። የተቀቀለ አጥንት አንሰጠውም፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት ደግሞ በሊማሊሞ መንገድ አንድ ሰዓት እንሄዳለን። ሲመለስ ይተኛል፣ እኔም እሠራለሁ።

በአንድ ቀን አልተለወጠም። ገና ዋዜማ የእማዬን ወንፊት በላ። አባዬ ግን ምንም አላለም።

ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማኅደሩን ገበያ ወስዶ ኮርቻ ለሚሠሩ ሰውዬ አሰፍቶት መጣ። ጥጉ ላይ አዲስ ቆዳ ገብቷል፤ ቀለሙ አልገጠመም። ግድግዳው ላይ፣ ዱሮ ከሚሰቀልበት ከፍ አድርጎ ችንካር መታና ሰቀለው።

«እኔም መደብ ላይ ትቼዋለሁ» አለ፣ ወደ እኔ ሳይዞር።

ቡቺ አሁን ስምንት ወሩ ነው፤ ጥርሱ አልቋል። ማታ ግቢ ይጠብቃል። ጠዋት አባዬ ዳዊቱን ይዞ ሲወጣ ተከትሎት እግሩ ሥር ይተኛል። አባዬ «ሂድ ወዲያ» ይለዋል። ያቺን ቋጠሮ ጨርቅ ግን ማታ ማታ አርሶ ውጭ የሚያሳድራት እሱ ነው።